ከመሠዊያው ወደ ማዕዱ፦ ዳቦ በአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕይወት

አርብ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ሥርዓቱን በሚጠብቅ የአይሁድ ቤት ገበታው ተዘርግቶ፣ ሁለት ሙሉ ዳቦ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በመጀመሪያ የወይን ጽዋ ይነሣና ሰንበቱ ይቀደሳል። ቀጥሎ ቤተ ሰቡ አንድ በአንድ እየተነሣ ሁለት እጀታ ካለው ኩባያ ውኃ በእጁ ላይ ያፈሳል፤ ቡራኬውን ይላል፤ ከዚያ ዳቦው እስኪቆረስ ድረስ ማንም ቃል አይተነፍስም። አባወራው ጨርቁን ይገልጣል፤ ሁለቱን ዳቦ በአንድነት ያነሣል፤ እህልን ከምድር የሚያወጣውን አምላክ አመስግኖ ይቆርሳል። ቁራሹን ጨው አስነክቶ ይቀምስና ለተቀመጡት ሁሉ ያድላል።

ለእንግዳ ዐይን ይህ የጨዋ ቤት ወግ ይመስላል። እጅ መታጠብም ሆነ ጨው ማስነካት በየአገሩ ያለ ነገር ነው። በአይሁድ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ድርጊት ምንጩ የታወቀ ሕግ ነው፤ ምንጩን ተከትሎ የሄደ ሰው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው መሠዊያ ዘንድ ነው። አይሁድ ቤተ መቅደሳቸውን ባጡ ጊዜ የመሠዊያውን ሥርዓት ከነሕጉ ወደ ቤታቸው ገበታ አዛወሩት፤ የዚህ ዝውውር ዋናው ተሸካሚ ዳቦ ነው። ይህን ካልያዝን የሚቀጥለው ሁሉ የተበታተነ ልማድ ሆኖ ይታየናል።

ቤተ መቅደሱን በ70 ዓ.ም. የሮማ ጦር በቲቶ አዛዥነት አቃጠለው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኦሪት መሥዋዕት ከተመረጠው ስፍራ ውጭ እንዳይቀርብ ስለምትከለክል፣ ስፍራው ሲፈርስ መሥዋዕቱም ቆመ። የካህናቱ ዘር አልጠፋም፤ ሥራቸው ግን ጠፋ። ሃይማኖቱን ከዚህ ጥፋት ያሻገሩት ረቢዎች የሚባሉት የሕግ መምህራን ናቸው። የረቢዎቹ ትምህርትና ክርክር በተሰበሰበበት በታልሙድ የተመዘገበ አንድ ትምህርት እንዳለው፣ መቅደሱ ቆሞ ሳለ ለሰው የሚያስተሰርይለት መሠዊያው ነበር፤ መቅደሱ ከሌለ ደግሞ የሰው ገበታ ያስተሰርይለታል። ተንታኞች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ እንግዳና ድሃ የሚበላበት ገበታ ስለሆነ ነው ይላሉ።

ረቢዎቹ ይህን ለማጽናኛ ብቻ ተናግረውት አልተዉትም፤ ሕጉን አንድ በአንድ አዛወሩ። የእጅ መታጠቡን እንይ። ኦሪት ተራ ሰው ዳቦ ከመብላቱ በፊት እጁን እንዲታጠብ አታዝዝም። ታጥቦ መብላት የነበረበት ካህኑ ነው፤ ከሕዝቡ የሚሰጠው የተቀደሰ ድርሻ በንጽሕና መበላት ስላለበት። ረቢዎቹ ልማዱን በሕዝቡ ሁሉ ላይ አደረጉት፤ በዚህም ገበሬውም ነጋዴውም ዳቦ በሚቆርስበት ሰዓት የካህን ሥርዓት ይጠብቃል። ጨውም እንዲሁ ነው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ማንኛውም የእህል ቍርባን ያለ ጨው እንዳይቀርብ ያዝዛል፤ ገበታው መሠዊያ ከሆነ ዳቦውም ጨው ሊጎድልበት አይገባም።

በመቅደሱ ውስጥ ዳቦ የራሱ ገበታ ነበረው። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኅብስተ ገጽ የሚለው ነው፤ ከመልካም ዱቄት የተጋገሩ 12 ኅብስቶች፣ ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት ተርታ፣ ነጭ ዕጣን አብሯቸው ተቀምጦ በወርቅ በተለበጠ ገበታ ላይ ይኖራሉ። እያንዳንዱ ኅብስት የሚወስደው ዱቄት ከኢፍ መስፈሪያ ከአሥር እጅ ሁለት እጅ ነው። በየሰንበቱ አዲሱ ገብቶ አሮጌው ይወጣል፤ የወጣውን ካህናቱ ይበሉታል። እንግዲህ አንድ ኅብስት ሳምንት ሙሉ ሳይሻግት መቆየት አለበት ማለት ነው። ሚሽና የሚባለው የሕግ መድበል ኅብስቱን ሲገልጽ ርዝመቱ 10 ጋት፣ ወርዱ 5 ጋት ነው ይላል፤ በኅብስቶቹ መካከልም አየር እንዲገባ እንደ ተሰነጠቀ ሸምበቆ ያሉ 28 የወርቅ ዘንጎች ተደርድረው እንደ ነበር ይነግረናል። ሻጋታን ለመከላከል የታሰበ ጥበብ ነው።

ይህን ኅብስት መጋገር የሚችሉት የጋርሙ ቤት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሙያውን ለሌላ አናስተምርም አሉ። የዘመኑ ጠቢባን ከግብፅ እስክንድርያ ጋጋሪዎች አስመጡ፤ እነዚያም ጋገሩ፤ ዳቦአቸው ግን ሻገተ። ጠቢባኑ ጋርሙዎችን እንዲመለሱ ሲለምኗቸው ደመወዛቸው እጥፍ ካልሆነ እምቢ አሉ፤ እጥፍ ሆነላቸው። ለምን እንዳላስተማሩ ሲጠየቁ፣ ይህ መቅደስ እንደሚፈርስ እናውቃለን፤ ክፉ ሰው ሙያውን ተምሮ ለጣዖት እንዳያውለው ፈርተን ነው ብለው መለሱ። ታልሙድ አንድ ነገር ያመሰግንላቸዋል፦ ከኅብስቱ ሰረቁ ተብለው እንዳይታሙ፣ በልጆቻቸው እጅ ነጭ ዳቦ ታይቶ አያውቅም። ሚሽና ግን ስማቸውን ከሚወቀሱት ተርታ ያስገባዋል። እኔም ከሚሽና ጋር ነኝ፤ ምክንያታቸው የቱንም ያህል መንፈሳዊ ቢመስል እጥፍ ደመወዙ ያጠራጥራል፤ ሙያውም ከእነርሱ ጋር ጠፍቷል። የመቅደሱን ገበታ በድንጋይ ተቀርጾ ማየት የሚፈልግ ሮም ሄዶ የቲቶን ቅስት ይመልከት፤ ወታደሮች ከሌላው ምርኮ ጋር ተሸክመውት ሲሄዱ ይታያል።

ከመቅደስ ወደ ቡሃቃ እንምጣ። ዘኍልቍ ምዕራፍ 15 ሕዝቡ ወደ ምድሪቱ ገብቶ እንጀራዋን ሲበላ፣ ከሊጡ በኵራት ለእግዚአብሔር እንዲያነሣ ያዝዛል፤ ይህም የካህኑ ድርሻ ነበር። ሚሽና መጠኑን ሲወስን በቤቱ የሚጋግር ከሃያ አራት እጅ አንድ እጅ፣ ለገበያ የሚጋግር ደግሞ ከአርባ ስምንት እጅ አንድ እጅ ይስጥ ይላል። ጋጋሪው የሚያቦካው ብዙ ስለሆነ ትንሿ እጅ ለካህኑ ትበቃዋለች። ዛሬ ይህን ድርሻ በንጽሕና ሊበላ የሚችል ካህን የለም፤ የመንጻቱ ሥርዓት ከመቅደሱ ጋር ቀርቷልና። ሕጉ ግን አልተሻረም። ጋጋሪዋ ከሊጡ የወይራ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ቆንጥራ ታወጣለች፤ ታቃጥላታለች ወይም በወረቀት ጠቅልላ ትጥላታለች። ለማንም የማትሆን ቁራጭ ናት፤ የምታስታውሰው ማዕዱ ላይ የሌለውን ካህን ነው።

ግዴታው የሚጀምርበት መጠን አለው፤ ጥንት በእንቁላል ብዛት ይለካ ነበር። በዛሬው ሚዛን ብዙ ቤቶች የሚከተሉት ስሌት ዱቄቱ 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ሲደርስ ያለ ቡራኬ፣ ወደ 1.67 ኪሎ ግራም ሲደርስ ደግሞ በቡራኬ ይነሣል የሚለው ነው። ከፍ ያለ መጠን የሚይዙም አሉ። ለሁለት ዳቦ ብቻ የምታቦካ ሴት እዚህ ልክ ላይ ስለማትደርስ፣ አንዳንዶች ቡራኬውን ለማግኘት ሲሉ ሆን ብለው አብዝተው ያቦኩና ለጎረቤት ያድላሉ። ሚሽና ይህን ሕግ ሰንበት መብራት ከማብራትና ከወር አበባ ሥርዓት ጋር ለሴቶች በተለይ ከተሰጡ ሦስት ትእዛዛት ይቆጥረዋል። ከሊጡ የሚነሣው ድርሻ ስሙ ኻላ ነው፤ የሰንበቱ ዳቦ ራሱ በዚህ ስም የተጠራው ግን በኋላ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኦስትሪያ ውስጥ በተጻፈ መጽሐፍ ላይ ነው።

የአርብ ማታው ዳቦ ለምን ሁለት ሆነ? ምክንያቱ መና ነው። ዘፀአት ምዕራፍ 16 እንደሚተርከው፣ በምድረ በዳ መና በየቀኑ ሲወርድ አርብ እጥፍ ይለቀም ነበር፤ በሰንበት አይወርድምና። ጨርቁም የመናውን መልክ ይከተላል፤ መናው ከላይም ከታችም በጤዛ መካከል እንደ ነበረ፣ ዳቦውም በገበታ ልብስና በሽፋኑ መካከል ይቀመጣል። ሌላ ምክንያትም ይሰጣል። በቡራኬ ቅደም ተከተል ዳቦ ከወይን ይበልጣል፤ በሰንበት ግን ወይኑ ይቀድማል። ስለዚህ ዳቦው ሲታለፍ እንዳያፍር ይሸፈናል። ይህኛውን ምክንያት አስተማሪዎች ይወዱታል፤ የእህል ክብር ሲቀነስ የሚያሳስበው ሰው የሰውን ክብር ሲቀንስ ሁለት ጊዜ ያስባል ብለው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሳፌድ ከተማ የተነሡ የምሥጢር መምህራንን ልማድ የሚከተሉ ደግሞ እስከ 12 ዳቦ ያቀርባሉ፤ ኅብስተ ገጹን በቁጥሩ ሳይቀር ለመመለስ።

የተጎነጎነው ቅርጽ ከምድረ በዳም ከመቅደስም አልመጣም፤ የጀርመን አገር ወግ ነው። የየመን አይሁድ የተጎነጎነ ዳቦ አያውቁም ነበር፤ እነርሱ ኩባኔ የሚሉትን ሊጥ አርብ በድስት ከድነው በዝግታ እሳት ላይ ሌሊቱን ያሳድሩታል፤ በሰንበት እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ። በአዲስ ዓመት የምሥራቅ አውሮፓ ልጆች ዳቦውን ክብ አድርገው ይጋግራሉ፤ ከጨው ይልቅም ማር ያስነኩታል። ቅርጹ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሕጉ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

አሁን ወደ ፋሲካ እንለፍ፤ እዚህ ላይ ነው ዳቦ እስከ ጥግ የሚፈተነው። ኦሪት በሰባቱ ቀን እርሾ የገባበትን ከመብላት አልፋ በቤት እንዳይገኝ ትከለክላለች። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ቤቱ ይገለበጣል፤ በዋዜማው ሌሊት በሻማ ብርሃን ፍርፋሪ ይፈለጋል፤ በማግስቱ ጠዋት የተገኘው ይቃጠላል። ሊቃጠል የማይችለው፣ የፋብሪካና የሱቅ እህል ሁሉ፣ ሕጋዊ ውል ተጽፎ አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው ይሸጣል፤ በዓሉ ሲያልፍ መልሶ ይገዛል። በእስራኤል የመንግሥት ንብረት ሳይቀር በዚህ መንገድ ይሸጣል። ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ግን ውሉ እውነተኛ ውል ነው፤ ገዢው ገንዘቡን ጨምሮ ከከፈለ ንብረቱ የእርሱ ይሆናል።

የሚበላው ቂጣ ከዱቄትና ከውኃ በቀር ሌላ ነገር የለውም። ውኃ ዱቄቱን ከነካበት ቅጽበት አንሥቶ ቂጣው ምድጃ እስኪገባ ድረስ ረቢዎቹ የሰጡት ጊዜ 18 ደቂቃ ነው። ውኃው አመሻሽ ላይ ተቀድቶ እንዲያድር ይደረጋል፤ ሞቅ ያለ ውኃ ሊጡን ቶሎ ያቦካዋልና። አንዱ ሲያቦካ ሌላው ይዳምጣል፤ ሌላው በጥርሳም መንኰራኩር ይበሳዋል፤ እጅ የተለየው ሊጥ እንዳይቦካ ይፈራል። በየ18 ደቂቃው መዳመጫውና ጠረጴዛው ይጸዳል። የሚገርመው፣ ለዚህ ቂጣ የሚሆነው እህል የግድ ሊቦካ የሚችል መሆን አለበት፤ ሊቦካ ከማይችል ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ትእዛዙን አይፈጽምም። ማቡካት እየተቻለ አለማቡካት ነው የተፈለገው። ታልሙድ በአንድ ስፍራ በሊጥ ያለውን እርሾ ከሰው ክፉ ፍላጎት ጋር ያነጻጽረዋል፤ በዚህ ላይ የኋላ መምህራን ብዙ ስብከት ሠርተውበታል፤ እርሾ ትዕቢት ነው፣ ቂጣ ትሕትና ነው እያሉ።

በ1838 አልዛስ ውስጥ አንድ አይሁዳዊ የቂጣ ሊጥ የሚዳምጥ ማሽን ሠራ። ማሽኑ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሲደርስ በ1859 ታላቅ ክርክር አስነሣ። የብሮዲው ረቢ ሽሎሞ ክሉገር ከለከሉ፤ የሌምበርጉ ረቢ ዮሴፍ ሳኡል ናታንሶን ፈቀዱ። የከልካዮቹ አንዱ ስጋት በማሽኑ ጥርስ ውስጥ የሚቀር ሊጥ ነው። ሌላው ማሽን ሐሳብ የለውም የሚል ነው፤ ቂጣው ለትእዛዙ ተብሎ መጋገር አለበትና። ሦስተኛው ደግሞ የድሆች ጉዳይ ነው፤ ለበዓል የምታወጣውን ገንዘብ ቂጣ በመዳመጥ የምታገኘው መበለት ምን ትብላ? የፈቃጆቹ መልስ፣ ማተሚያ ቤት ሲመጣ ጸሐፊዎች ሥራ አጡ፤ ማተሚያን ግን አልከለከልንም የሚል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ክብ ቆርጠው ማዕዘኑን ይተዉ ስለነበር፣ የተረፈው ሊጥ እንደገና ሲዳመጥ ጊዜ ይወስዳል ተብሎ ቂጣው አራት ማዕዘን ሆነ። ዛሬ በእጅ የተሠራው ክብ፣ በማሽን የተሠራው አራት ማዕዘን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ይሸጣሉ፤ ክርክሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም፤ ለመጀመሪያው ሌሊት የእጁን ብቻ የሚበሉ ብዙ ናቸው።

ሕይወት ከዚህ ሁሉ ትበልጣለች። በ1944 በቤርገን ቤልሰን የናዚ ማጎሪያ የነበሩ ረቢዎች በፋሲካ ቂጣ ስላልተገኘ፣ እስረኞቹ ዳቦ ከመብላታቸው በፊት የሚሉት ጸሎት አዘጋጁ። ነፍስን ማዳን ትእዛዝ ስለሆነ፣ ዳቦውን መብላትም ትእዛዝ ሆነ።

እርሾ ለዘለዓለም ርኩስ ነው ማለት ግን አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ሰባት ሳምንት ተቆጥሮ በሚውለው የሰዊት በዓል፣ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 በእርሾ የተጋገሩ ሁለት የስንዴ ዳቦዎች በመቅደሱ እንዲወዘወዙ ያዝዛል። ቆጠራው የሚጀምረው የእንስሳ መኖ በሆነው በገብስ ነው፤ የሚያልቀው በስንዴ ዳቦ ነው። ከባርነት የወጣው ሕዝብ ቂጣ በላ፤ ሕጉን የተቀበለው ሕዝብ ዳቦ በላ።

የሐዘንተኛ ማዕድም አለ፤ ከቀብር ሲመለስ የመጀመሪያውን ዳቦና እንቁላል ራሱ አያዘጋጅም፤ ጎረቤት ያመጣለታል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ታልሙድን የሚከተሉትን ይመለከታል። ጎንደርና ትግራይ የኖሩት የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ ታልሙድ አልደረሳቸውም፤ መጽሐፋቸው በግእዝ የተጻፈው ኦሪት ነው፤ መሪዎቻቸውም ቄሶች ናቸው። ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ ዳቦ ወደ አባወራው ገበታ ጨርሶ አልተዛወረም፤ ከካህኑ እጅ ሳይወጣ ቆየ። ሴቶቹ አርብ ዳቦ ጋግረው ለበረከት ወደ ጸሎት ቤቱ ይልኩ ነበር፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ቄሱ ባርኮ ይቆርስ፣ ለሕዝቡም ያድል ነበር። በሰንበት እሳት ስለማይነድ የሚበላው ሁሉ ቀዝቃዛ ነበር። በፋሲካም ቄሶቹ በግ ያርዱ ነበር፤ ሕዝቡ ሰባት ቀን ቂጣ ይበላ ነበር። ሌላው የአይሁድ ዓለም ከ70 ዓ.ም. በኋላ በምሳሌ የያዘውን እነርሱ በሥጋ ይፈጽሙት ነበር።

ሁለቱ ወጎች እስራኤል ላይ ተገናኙ። ቤተ እስራኤልን ወደዚያ ባሻገሩት ዘመቻዎች፣ በዘመቻ ሙሴ በ1984 እና 1985፣ በዘመቻ ሰሎሞን በግንቦት 1991፣ የሄዱት ሰዎች ሲደርሱ አንድ የማያውቁት ሕግ ጠበቃቸው። በረቢዎች ሕግ የዳቦ ቡራኬ የሚባለው ከአምስት እህሎች በተጋገረ ላይ ብቻ ነው፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ራይ እና ስፔልት የሚባለው የስንዴ ዘመድ። ጤፍ ከእነዚህ የለም። ስለዚህ የጤፍ እንጀራ፣ ሌላ እህል ካልገባበት፣ በሕጉ ዳቦ አይደለም። በፋሲካም እንደ ረቢዎቹ ሕግ እርሾ ሊሆን የሚችለው ያው ከአምስቱ የተገኘ ብቻ ነው፤ ቤተ እስራኤል ግን የቦካ ሁሉ ቦክቷል ብለው እንጀራን በፋሲካ አይነኩም ነበር። ያው እንጀራ በአንደኛው ሕግ ለቡራኬ አይበቃም፤ በሁለተኛው ሕግ ፋሲካን ያፈርሳል። በእኔ ፍርድ ሁለቱም ኦሪትን በታማኝነት አንብበዋል፤ አንዱ በታልሙድ በኩል፣ ሌላው በቀጥታ።

ከዮም ኪፑር (ከማስተሰረያ ቀን) 50 ቀን በኋላ በሚውለው ስግድ በተባለው የቤተ እስራኤል በዓል ቄሶቹ ዛሬም ኢየሩሳሌምን አሻግሮ በሚያሳይ ኮረብታ ላይ ቆመው ኦሪትን ያነባሉ፤ ሕዝቡ ጾሞ ይውልና ከሰዓት በኋላ ዳቦ ቆርሶ ይፈታል። የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 በዓሉን በሕግ አጽንቶታል። የረቢዎቹ ዳቦ በእንቁላል ልክ ሳይቀር ተጽፏል፤ የቤተ እስራኤል የሰንበት ዳቦና የፋሲካ ቂጣ ግን እስካሁን በአብዛኛው ያለው በጋገሩት እናቶች እጅ ነው። በአምቦበርና በወለቃ የጋገሩ እናቶችና አያቶች ያላችሁ፣ በኮባ ይሁን በምን፣ ስንት ሰዓት እንዲቦካ እንደሚተዉት፣ ለቄሱ የሚሄደው የትኛው እንደ ነበር፣ ዛሬ ጠይቃችሁ ጻፉ።